የሙሚና እጅና የፊርደውስ እግር

ሙሚና ከጨፋ ሮቢት ተድራ ከሚሴ ስትገባ ባሏ ጀይላን የአራት ዓመት ሴት ልጅ ነበረችው። የልጅቷ እናት በወባ ሞታለች። ጀይላን ፍየል ነጋዴ ነው፤ ከአፋር በኩል የሚመጣውን ፍየል ሰንበቴ ገበያ ላይ ይገዛና ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ይወስዳል። ቤቱ የሚያድርበት ቀን ከማያድርበት ያንሳል። ሽማግሌዎቹ ሙሚናን ሲጠይቁ ይህን አልደበቁም፤ ሰውየው ሚስት ብቻ ሳይሆን ለልጁም እናት እንደሚፈልግ በግልጽ ተናገሩ። እሷም እሺ ብላ የገባችው አውቃ ነው።

ልጅቷ ፊርደውስ ትባላለች። የሟች እህት አሻ እዚያው ሰፈር፣ ከእነሱ ግቢ ብዙ ሳይርቅ ትኖራለች፤ እስከ ሠርጉ ድረስ ልጅቷን የያዘቻት እሷ ነበረች። አሻ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ዓይኗ ግን አያርፍም። ልጅቷ ከሳች፣ ፀጉሯ አልተሠራም፣ ዛሬ ለምን ዝም አለች እያለች በየቀኑ ብቅ ትላለች። ካልተመቻት ትመለስልኝ ብላ ለጀይላን በሙሚና ፊት ነግራዋለች።

ፊርደውስ ከግራ ዳሌዋ ወደ ጭኗ የሚወርድ፣ ዳር ዳሩ የተሸራረፈ ቡናማ ምልክት አላት። ከተወለደች ጀምሮ ያለ ነው። አንድ ቀን ሙሚና ግቢ ውስጥ ስታጥባት ወተት ልትገዛ የመጣች ሴት አየችውና፣ እንጀራ እናቷ በፈላ ውኃ አቃጠለቻት የሚል ወሬ ሰፈሩን ዞረ። አሻ ራሷ እየዞረች የተፈጥሮ ነው ብላ ብታስተባብልም ያመናት ግማሹ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙሚና ልጅቷን የምታጥባት ቤት ውስጥ፣ በር ዘግታ ሆነ። ይህ ደግሞ ሌላ ወሬ ወለደ።

ያም ሆኖ ሁለቱ ተላመዱ። ሙሚና ከጨፋ የሚመጣላትን ወተት ተረክባ ለሻይ ቤቶች ታከፋፍላለች፤ ፊርደውስ ጣሳውን እያጠበች ትረዳታለች። ልጅቷ መጀመሪያ በስሟ ነበር የምትጠራት። በኋላ ግን ማንም ሳያዛት እማ ማለት ጀመረች።

ነገሩ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው። ፊርደውስ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። በዚያን ቀን ጠዋት አንድ ሻይ ቤት ወተቱ ተበላሽቷል ብሎ መልሶባት ሙሚና እየተናደደች ወደ ቤት ገባች። በሁለት እጇ ከባድ ጀሪካን ይዛለች። ፊርደውስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ጠጠር ትጫወታለች። ሙሚና ተነሽ አለቻት፤ አልሰማችም። ደግማ ተነሽ አለቻት፤ ልጅቷ ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውራ መቅለብ ነው የያዘችው። ሙሚና ጀሪካኑን አስቀመጠችና ግራ እጇን አንጓው ላይ ይዛ ሳብ አደረገቻት።

መሳብ ነው፤ ሌላ ነገር አይደለም። እናት ልጇን በቀን ስንት ጊዜ የምትስበው ዓይነት ነው። ትንሽ ቁጣ ነበረበት እንጂ። ልጅቷ ግማሽ ተነሳችና በግራ እግሯ ዞር ስትል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ወደቀች። መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ ሙሚናን ቀና ብላ አየቻትና ነው የጮኸችው። ጭኗ መሀሉ ላይ ታጥፏል።

የተሳበው እጇ ነው፤ የተሰበረው እግሯ። ሙሚና ይህን ለራሷም ማስረዳት አቃታት።

ጩኸቱን ሰምታ መጀመሪያ የደረሰችው አሻ ነበረች። ምን ሆነች ብላ ስትጠይቅ ሙሚና የፈላ ውኃው ወሬ፣ የተዘጋው በር፣ ትመለስልኝ የተባለው ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣባት። ፊት ለፊት የጎረቤታቸው የጋሽ ሙሀመድኑር ያላለቀ የብሎኬት አጥር ይታያል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እየወጡ የሚዘሉበት ነው።

«ከግንቡ ላይ ወደቀች» አለች።

አሻ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብላ እውነት ነው ወይ አለቻት። ፊርደውስ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሙሚናን አየቻት። «አዎ፣ ከግንቡ ነው» አለች።

ጤና ጣቢያ ወሰዷት። እዚያም ከግንብ ወደቀች ተባለ። ባለሙያው እግሩን በእንጨት ደግፎ አሰረና ደሴ ሄዳ ራጅ ብትነሣ ጥሩ ነው አለ። ጀይላን አፋር በረሃ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ ሲመክር፣ ለአንድ ስብራት ደሴ ድረስ ምን ያስኬዳል፣ ወጌሻው አብዶ እያለ ተባለ። አብዶ እጁ የተመሰገነ ወጌሻ ነው። ልጅቷን ከመንካቱ በፊት ግን ወጥቶ ግንቡን አየ፤ ከፍታውን በዓይኑ ለካ። ከዚህ የወደቀ ልጅ ጭኑ ቢሰበር አይገርምም ብሎ ተመለሰና አሰራት። ሙሚና በሩ ላይ ቆማ ይህን ሰማች።

በማግስቱ ጋሽ ሙሀመድኑር መጡ። ባለቤታቸው ይህ ግንብ ልጅ ይጨርሳል እያለች ስትነግራቸው እንደከረመች፣ እሳቸው ግን ነገ ነገ ሲሉ እንደቆዩ ተናገሩ። ፊርደውስ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው «አፉ በይኝ፣ ኢንተለ ኮ» አሏት፤ ይቅር በይኝ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሳቸው የተቀየመቻቸው መሰላቸውና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሙሚና ውኃ ላምጣልዎት ብላ ወጣችና ጓሮ ቆማ ቀረች።

ከሰዓት በኋላ የዲጂኖ ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ግንቡን በገዛ እጃቸው እያፈረሱት ነበር። ሰው ላግዝ ቢል እምቢ አሉ። ሙሚና ለፊርደውስ ገንፎ እያጎረሰቻት ነበር፤ ድምፁ በመጣ ቁጥር ማንኪያው እጇ ላይ ይቆማል። ልጅቷ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ሁለቱም ምንም አልተናገሩም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።

ፊርደውስ ክረምቱን በሙሉ ተኝታ ከረመች። ሙሚና በጀርባዋ አዝላ ታወጣታለች፣ ታስገባታለች። ሌሊት ሦስቴ አራቴ እየተነሳች ታገላብጣታለች። ይህን ያየ ሰፈር ቀስ በቀስ አንደበቱ ተለወጠ። ያቺ አቃጠለቻት ብላ ያወራችው ሴት እንኳ እንዲህ ያለች እንጀራ እናት አይቼ አላውቅም ማለት ጀመረች። አሻም ልጅቷን ትመለስልኝ ማለቷን ተወች። ሙሚና ይህን ሁሉ ምስጋና እንደ ሌባ ነበር የምትቀበለው፤ አንገቷን ደፍታ፣ ቶሎ ወሬ ለውጣ። ሰው ትሕትና ይለዋል።

አንድ ነገር ግን ተለወጠ። ሙሚና ከዚያ ወዲህ የልጅቷን እጅ አትይዝም። የደሴን መንገድ ሲሻገሩ፣ የጭነት መኪናው እየተንደረደረ ሲመጣ እንኳ፣ ከኋላዋ ሆና በሁለት ክንዷ ከልላ ታሻግራታለች እንጂ እጇን አትነካም።

ስብራቱ ገጠመ። ሦስት ዓመት ያህል ደህና ሆነች። ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ዴስኩ ሥር የወደቀ እስክሪብቶ ልታነሳ ጎንበስ ብላ ስትዞር እዚያው ቦታ ላይ ተሰበረ። አብዶ መጣ። የዱሮው ጠባሳ ነው የተከፈተው፣ መጀመሪያ ስትወድቅ ክፉኛ ነው የተጎዳው አለ። ሁሉም አመነው። ያላመነችው ሙሚና ብቻ ናት። መጀመሪያም ቢሆን መውደቅ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ያኔም እንደ አሁኑ እንዲሁ ዞር ሲባል እንደተሰበረ የምታውቀው እሷ ናት። ይህ አጥንት የሆነ ነገር አለው የሚል ሐሳብ አእምሮዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ልትናገረው ግን የመጀመሪያውን መናገር አለባት። ዋጠችው።

ሁለተኛው ስብራት ሲድን እግሩ ወደ ውጭ ጎበጠ፣ አጠረም። ፊርደውስ ማነከስ ጀመረች። ጋሽ ሙሀመድኑር መንገድ ላይ ስታልፍ ካዩዋት ዞር ይላሉ። በየዒዱ ግን ለእሷ የቀሚስ ጨርቅ ሳይልኩ ቀርተው አያውቁም። ጨርቁን የምትቀበለው ሙሚና ናት።

በ2003 ዓ.ም. ጭኗ አብጦ ያማት ጀመር። ትምህርት ቤት መሄድ ሲያቅታት ጀይላን ወጌሻ በቃ አለና ሦስቱም በሚኒባስ ደሴ ወጡ። ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበላቸው ዶክተር ቶፊቅ የሚባል ወጣት የአጥንት ሐኪም ነው። ራጅ አስነሳትና ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ ብዙ ቆየ። ሙሚናም አየችው። ሌላው አጥንት ነጭና ጥርት ያለ ነው፤ የግራ ጭኗ ግን እንፋሎት እንደያዘው መስታወት ደብዝዟል፣ ተነፍቷል፣ ላዩ ላይ እንደ ከዘራ ታጥፏል።

ሐኪሙ መጀመሪያ እንዴት እንደተሰበረ ጠየቀ። ጀይላን የሚያውቀውን ተናገረ፤ በሰባት ዓመቷ ከግንብ ላይ ወድቃ ነው አለ። ዶክተሩ ወደ ሙሚና ዞሮ ከምን ያህል ከፍታ እንደሆነ ጠየቃት። በእጇ ወደ ትከሻዋ አሳየች።

ዶክተር ቶፊቅ እየመረጠ ነው የተናገረው። ልጅቷ ያኔ የወደቀችው ከከፍታ ከሆነ አጥንቷ ያኔ ጤነኛ ነበር ማለት ነው፤ ይህ ነገር የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ይህን ያህል አጥንት የወረሰ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል አለ። ስብራቱን ተከትሎ የገባ የቆየ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ጀይላን ካንሰር ከሆነስ አለ። ዶክተሩ ገና ምንም እንዳልታወቀ፣ ናሙና ተወስዶ መታየት እንዳለበት ነገረው። ጀይላን ጥያቄውን ሲደግምበት ግን እግሩን መቁረጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ አልደበቀውም።

ጀይላን ካርድ ክፍል የሚጨርሰው ነገር ነበረውና ወጣ። ፊርደውስ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሙሚናም ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ ምን አሉ ብላ አልጠየቀችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሚያማትን ቦታ እንደሚያባብል ሰው ታሻሸዋለች። ሙሚና ያንን እጅ አየች። ተነሳችና ተመልሳ ገባች።

«ዶክተር» አለች፣ «ልጅቷ ከግንብ አልወደቀችም። እኔ ነኝ በእጇ የሳብኳት። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ ተነሽ ብዬ። ስትዞር ተሰበረ።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መትታት እንደሆነ፣ ገፍትራት እንደሆነ ጠየቃት፤ ፊቱ ጠንክሮ ነበር። እሷም ምንም ሳታስቀር ጀሪካኑን፣ ጠጠሩን፣ ድምፁን ነገረችው። ትምህርት ቤት እስክሪብቶ ልታነሳ ስትዞር የተሰበረውንም ጨመረች። እሱ ቀስ ብሎ ተነስቶ ፊልሙን እንደገና አየ። ከዚያ ያልጠበቀችውን ጠየቃት፤ ልጅቷ ቆዳዋ ላይ ምልክት አላት ወይ አላት። ሙሚና ደነገጠች። ከዳሌዋ ወደ ታች የሚወርድ፣ ከተወለደች ጀምሮ ያለ አለችው። ፊርደውስን አስገብቶ ሴት ነርስ ባለችበት አየው። ሲጨርስ ትከሻው ዘና ብሎ ነበር።

እንዲህ ያለ ምልክት አንዳንድ ጊዜ ከአጥንት ችግር ጋር አብሮ ይወለዳል፤ ይህ የትናንት ነገር አይመስለኝም አለ። በሰባት ዓመቷ እንዲህ በቀላሉ የተሰበረው አጥንቱ ያኔም ይህ ነገር ስለነበረበት ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ቀስ ብሎ አብሯት ያደገ ከሆነ ደግሞ ከክፉው ይልቅ ወደ ደጉ ያደላል። ናሙናው ግን የግድ ነው።

ከአጥንቱ ቁራጭ ተወስዶ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ያለፉትን ሳምንታት ሙሚና በሰላት ላይ አሳለፈቻቸው ማለት ይቻላል። ተመልሰው ሲሄዱ ዶክተር ቶፊቅ ካንሰር አይደለም አላቸው። ለጀይላን በፊልሙ እያሳየ አስረዳው። ጠንካራ አጥንት መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ሰውነቷ ክር መሰል ለስላሳ ሥጋ ሠርቷል፤ ከማኅፀን የጀመረ ነው፤ ከእናትም ከአባትም አይወረስም፤ እርግማንም የሰው ዓይንም አይደለም። ነቅሎ የሚያጠፋው መድኃኒት የለም። ሆኖም የጎበጠውን አጥንት ቆርጦ ማቃናት፣ ውስጡም ረጅም ብረት አስገብቶ ዳግመኛ እንዳይሰበር መደገፍ ይቻላል። ይህ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው።

ጀይላን አልሐምዱሊላህ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሙሚና እሱ ከወጣ በኋላ ቀርታ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ያኔ እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ?»

ዶክተር ቶፊቅ ሊያጽናናት ፈልጎ ሳይሆን አይቀርም መጀመሪያ የተናገረው፤ አጥንቱን አንቺ አልሰበርሽውም፣ እርስዎ ባይስቧትም ከአልጋ ስትወርድ ይሰበር ነበር ብሎ አንቺና እርስዎ እየተቀላቀለበት ተናገረ። እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችበትም። ያን ጊዜ እሱም፣ «ራጅ ተነስታ ቢሆን ይታወቅ ነበር። እንዲህ ሳይጎብጥ ልንይዘው እንችል ነበር ይሆናል» አላት። ሙሚና አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። ከሰማችው ሁሉ ልቧ ያመነው ይህን ብቻ ነው።

ለጀይላን የነገረችው ሲመለሱ ነው። ሚኒባሱ ሐርቡ ላይ ቆሞ ተሳፋሪው ወርዶ ነበር፤ ፊርደውስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷታል። እሱ ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ሚኒባሱ ተመልሶ ገባ። ከሚሴ አድርሷቸው በማግስቱ ሰንበቴ ሄደ፤ ከለመደው ጊዜ በላይም ቆየ። ሙሚና አይመለስም ብላ ልብሷን ለይታ አስቀምጣ ነበር። ሲመጣ ለአዲስ አበባው ሕክምና የነበሩትን ጥቂት ከብቶች ሸጦ ነው የመጣው። ማታ እራት ላይ እንዲህ አላት፤ «የእጅሽን አልያዝኩብሽም። የአፍሽ ነው የከበደኝ። ለእኔ እንኳ መናገር ያቅትሽ?» እሱም ደግሞ አላነሳውም፤ ከዚያ በኋላ ግን ከመንገድ ሲመለስ ስለ ቤቱ የሚጠይቀው ፊርደውስን ሆነ።

አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምናው ተሠራ። ሙሚና አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ እየተኛች ከልጅቷ ሳትለይ ከረመች። ፊርደውስ በክራንች ኮሪደሩን መዞር በጀመረችበት ሰሞን፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሙሚና ፀጉሯን ስትሠራላት፣ ፊቷ ስላልታየ ይሆናል ድፍረት ያገኘችው፣ ለምን ያኔ አልተናገርሽም ብላ ልጅቷን ጠየቀቻት።

ፊርደውስን ጥያቄው አላስገረማትም። «ብናገር አክስቴ ትወስደኝ ነበራ» አለች። «ካንቺ ጋ መሆን ነበር የፈለግሁት።»

የሙሚና ጣቶች ጉንጉኑ ላይ ቆሙ። እስካሁን ልጅቷ ዝም ያለችው እሷን ፈርታ ይመስላት ነበር፤ ለዚያ ዓይነቱ በደል ራሷን አዘጋጅታ ኖራለች። ለዚህኛው አልተዘጋጀችም። ልጅቷ በሰባት ዓመቷ፣ በተሰበረ እግር፣ እሷን ላለማጣት ዋሽታለች። እሷ ደግሞ ያንን ውሸት እየመገበች አሳድጋዋለች። አፉ በይኝ አለቻት። ፊርደውስ እማ ፀጉሬን ጨርሺልኝ ብላ አንገቷን ቀና አደረገች።

ከሚሴ እንደተመለሱ ሙሚና መጀመሪያ የሄደችው ጋሽ ሙሀመድኑር ዘንድ ነው። አርጅተዋል፤ በረንዳ ላይ ሙሰብሓቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ቆማ ነው የነገረቻቸው። ልጅቷ ከአንቱ ግንብ አልወደቀችም፣ ፈርቼ የዋሸሁት እኔ ነኝ አለች። ሽማግሌው ሙሰብሓውን መቁጠር አቆሙ።

«እኔ በየሱጁዱ ስለዚያች ልጅ ነው የምለምነው» አሉ በመጨረሻ። «የተቀየመችኝ መስሎኝ። ፊቷን ያዞረችብኝ ለካ አፍራ ነው?»

መልሷን ሳይጠብቁ ተነስተው ወደ ቤት ገቡ። ሂጂም፣ ተቀመጪም አላሏት። እዚያው ቆማ ቆይታ ተመለሰች። አፉ ብያለሁ ያሏት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያውም በሰው ልከው። በዚያው ዓመት ዒድ ሲደርስ የቀሚስ ጨርቁ እንደ ወትሮው መጣ። ፊርደውስ ራሷ ሄዳ ጉልበታቸውን ስማ ተመለሰች፤ ምን እንደተነጋገሩ ለማንም አልተናገረችም።

ፊርደውስ አሁን ኮምቦልቻ ኮሌጅ ትማራለች። አንድ እግሯ ትንሽ ያጥራልና የግራ ጫማዋን ሶል ጫማ ሰፊ ያወፍርላታል። በየዓመቱ ደሴ እየሄደች ራጅ ትነሣለች፤ ብረቱ እንዳለ ነው፣ አጥንቱም አልተሰበረም።

ለአሻ ግን ሙሚና እስከ ዛሬ አልነገረቻትም። ሁለት ሦስት ጊዜ ልትነግራት ቤቷ ድረስ ሄዳለች። አሻ በር ላይ አቅፋ ተቀብላ የእህቴን አደራ የጠበቅሽ ስትላት ሙሚና ሌላ ወሬ አንስታ ትመለሳለች። ባለፈው የአሻ ልጅ ሠርግ ላይ፣ በሴቶቹ መካከል አሻ የሙሚናን እጅ ይዛ ብድግ አደረገቻትና፣ ይቺ ናት የእህቴን ልጅ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች፣ አላህ ጀነት ያግባት አለች። ሴቶቹ አሚን አሉ። ፊርደውስ ከማዶ ተቀምጣ ነበር፤ ሙሚናን አይታ ዓይኗን ወደ ሳህኗ መለሰች። ሙሚና እጇ በአሻ እጅ እንደተያዘ፣ እሷም ከሌሎቹ ጋር ቀስ ብላ አሚን አለች።